የአባቴ ዲኤክስ ወለሏ ዝጓል፦ በስቱኮ ይሸፈን ወይስ ላሜራው ተቆርጦ ይቀየር?

ዲኤክስ ዘአዳማ | ጥቅምት 4

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። የምኖረው አዳማ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳት የኖረው ነጭ ኮሮላ ዲኤክስ አሁን እኔ እጅ ገብታለች። አካሏ ኬኢ70 የሚባለው አራተኛው ትውልድ ነው፤ ሞተሯ ባለ ካርቡራተሩ 4ኬ፣ 1290 ሲሲ። ሞተሩ ታድሶ ጤነኛ ነው፣ ካምቢዮውም ደህና ነው፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። ያስጨነቀኝ አካሏና ውስጧ ነው።

የፊት ፓራፋንጎዎቹ (ከፊት ጎማዎቹ በላይ ያሉት የጎን ላሜራዎች) ከበሩ ጋር በሚገናኙበት ታችኛው ጥግ ቀለሙ አረፋ አውጥቷል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰነጠቃል። በሾፌሩ በኩል ሞኬቱን ገልጬ ሳይ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ የነበረው ሬንጅ መሰል ንጣፍ ተላቆ ተነሥቷል፤ ከሥሩ ያለውን ብረት በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ባደርገው ተበሳ። ከኋላ ጎማ በላይ ያለው ቅስት ላይ ደግሞ ማግኔት አይጣበቅም፤ ከዚህ በፊት ወፍራም ስቱኮ (የተጎደጎደ ላሜራ የሚሞላበት ሊጥ መሰል ነገር) ተሞልቶበታል ማለት ነው። ውስጧን በተመለከተ የሾፌሩ ወንበር ሞላ ስፖንጁን አልፎ ወጥቷል፣ ዳሽቦርዱ በፀሐይ ተሰንጥቋል፣ የጣሪያው ጨርቅ ረግቦ ከኋላ የተቀመጠን ሰው ፀጉር ይነካል።

ሁለት ጋራዥ ወስጄ አሳየኋት። አንዱ «ስቱኮ እንሞላለን፣ ወለሉን በፋይበር እንለብጣለን፣ ቀብተን በሳምንት ውስጥ እናስረክባለን» አለኝ። ሌላው የዛገው ሁሉ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ካልተተካ እንደማይነካት ነገረኝ፤ ዋጋው ከመጀመሪያው እጥፍ በላይ ነው።

የምፈልገው ለዕይታ የምትቆም መኪና አይደለም። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርስባት፣ እሑድ ሶደሬ የምወስዳቸው፣ ቦሎ ሲደርስም አንገት የማታስደፋ መኪና እንድትሆን ነው። በዚያው አጋጣሚ ቀለሟን ወደ ጥቁር አረንጓዴ ለመቀየር፣ ከፍ ያለ ቸርኬ ለመግጠምና ደህና ሬዲዮ ለማስገባት አስቤያለሁ። ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ።

የላሜራ ሰው | ጥቅምት 4

ልጄ፣ ሁለተኛው ባትላሜራ እውነቱን ነግሮሃል። ዋጋው ከከበደህ ሥራውን በየተራ አሠራው እንጂ ወደ መጀመሪያው አትሂድ።

ምክንያቱን ላስረዳህ። ቀለም አረፋ ሲያወጣ ዝገቱ ከውጭ ወደ ውስጥ አይደለም የሄደው፤ ከጀርባ ጀምሮ ብረቱን በልቶ ጨርሶ ነው ቀለሙን የሚገፋው። ከውጭ የሚታይህ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። እዚያ ላይ ስቱኮ ብትሞላ ስቱኮው የሚይዘው ዝገት ላይ ነው፤ ዝገት ደግሞ እየተላጠ የሚሄድ ነገር ነው። በዚያ ላይ ስቱኮ በባሕርዩ ውኃ ይመጥጣል። ከጀርባ ያለ ቀዳዳ እርጥበት ሲያቀብለው እንደ ሰፍነግ ይዞ ያቆየዋል፤ ክረምቱ ሳይወጣ አረፋው ከበፊቱ ሰፍቶ ይመለሳል።

ስቱኮን ግን አትጥላው። ቦታ አለው። የተጎደጎደ ላሜራ በመዶሻና ከጀርባ በሚደገፍ ብረት ተመትቶ ከተስተካከለ በኋላ የምትቀረውን ትንሽ ሸለቆ ለመሙላት ነው የተሠራው። ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መወፈር የለበትም። ያንተ የኋላ ቅስት ማግኔት አልይዝ ካለ ስንት ሚሊ እንዳለው አንተው ገምት። ማጠንከሪያውም ቢሆን ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ገደማ ነው የሚበቃው። «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብለው ሲያበዙት ቀለሙ ከተረጨ በኋላ ከሥር ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል።

አሁን ወደ መኪናህ። የፊት ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰረ ነው፤ ሳይፈታ የሚጠግን ባለሙያ ካየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። ፈትተህ ጀርባውን እይ። በጎማ ቅስቱና በበሩ ማጠፊያ ምሰሶ መካከል ኪስ የመሰለ ቦታ አለ። የአዳማ አቧራ እዚያ ይገባል፣ ዝናብ ያረጥበዋል፣ ይረጋል፣ ሳይደርቅ ከርሞ ብረቱን ይበላል። ፓራፋንጎው ራሱ ከሶማሌ ተራ ሊገኝ ይችላል፤ እኔ የምፈራው ከጀርባው ያለውን ምሰሶና ከበሮቹ ሥር የሚሄደውን ደፍ ነው። ዲኤክስ እንደ ጭነት መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ የላትም፤ ጥንካሬዋ ያለው እነዚህ የታጠፉ ላሜራዎች ውስጥ ነው። ደፉ ከዛገ መኪናዋ በክሪክ ስትነሣ በሯ አልዘጋ ይላል። ሞክረው፦ ከጎን አንሣትና በሩን ክፈትና ዝጋ። ከተጋጨ ደፉ ታሟል ማለት ነው።

ብየዳውን በተመለከተ፦ የመኪና ላሜራ ውፍረቱ ከ0.7 እስከ 0.9 ሚሊ ነው። ለመስኮት ፍርግርግና ለበር በሚያገለግለው የኤሌክትሪክ ዘንግ ብየዳ ከነኩት ይበሳል፤ በኦክስጅን ከበየዱት ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ይደርስና ላሜራው ይሞገዳል። ሚግ የሚባለውን፣ ቀጭን ሽቦ እየመገበ በጋዝ ከለላ የሚበይደውን ማሽን የያዘ ሰው ፈልግ፤ ሽቦውም 0.6 ሚሊ ቢሆን ይመረጣል። መስመሩን አንድ ጊዜ ጎትቶ አይበይድም። አንዲት ነጥብ እዚህ፣ አንዲት ነጥብ እዚያ ራቅ አድርጎ፣ ብረቱ በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ እየጠበቀ ነው የሚሞላው። ወለሉ ላይ ቁራጭ ከላይ ጥሎ ዙሪያውን መበየድ ፈጣን ነው፤ በሁለቱ ላሜራ መካከል የሚገባው ውኃ ግን ሌላ ዝገት ይወልዳል። ጫፍ ለጫፍ ይግጠም።

ብየዳ ሳይጀመር ባትሪው ይፈታ፣ ወንበሩና ሞኬቱ ይውጣ፣ ከኋላ በኩል የሚሠራ ከሆነም የነዳጅ ታንኩ ይውረድ። ከጎን አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ይቁም። ይህን የማያደርግ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቃጠል አይቻለሁ።

ገበያ ተመልካች | ጥቅምት 5

ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና እኔ በሒሳቡ ነው የማየው። ላሜራ፣ ብየዳ፣ ቀለም፣ ወንበር፣ ጣሪያ ስትል የምታወጣው ገንዘብ መኪናዋ ስትሸጥ አይመለስም። አሁን ባለችበት ሁኔታ ሽጣትና ጨምረህ ደህና ቪትዝ ግዛ። ልጆች የምታመላልስ ከሆነ ደግሞ አዲሱ መኪና በደኅንነትም ይሻላል።

የላሜራ ሰው | ጥቅምት 5

ስለ ደኅንነት ያልከው ትክክል ነው፤ አልከራከርህም። ለዚህም ነው ወለሉና ደፉ በፋይበር እንዳይሸፈኑ የምለምነው። የደኅንነት ቀበቶው የሚታሰርበት ቡሎን የሚይዘው እዚያው አካባቢ ባለው ብረት ላይ ነው። በአደጋ ጊዜ የሰውን ክብደት የሚሸከም ቦታ ፋይበር አይሆንም።

መንገደኛ 22 | ጥቅምት 5

ገበያ ተመልካች፣ «ጨምረህ ግዛ» ማለት ቀላል ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ የነዳጅ መኪና ሁሉ ዋጋው የት እንደደረሰ አንተው ታውቃለህ። ሰው ያለውን መኪና በወጉ ጠግኖ ቢይዝ ምኑ ይነቀፋል? ዲኤክስ መለዋወጫዋ በየከተማው አለ፣ የማያውቃት መካኒክ የለም፣ ሞተሯም ኮምፒውተር የለበትም። ጠያቂው አትራፊ ልሁን አላለም።

ቀለም ቀቢው | ጥቅምት 6

እኔ እዚሁ አዳማ በቀለም ሥራ ላይ ነኝ፤ ስለዚህ በድርሻዬ ልናገር።

ጋሼ የላሜራ ሰው ያሉትን ጨርሰህ ነው ወደ ቀለም የምትመጣው። የተቆረጠና የተበየደ ባዶ ብረት ግን ሌሊቱን ሳይሸፈን አይደር። በዕለቱ በግራይንደርና በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ፣ ቅባቱ በንጹሕ ጨርቅና በቲነር ይወልቅ፣ ወዲያው ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት ብረቱን ከእርጥበት የሚሸፍን መነሻ ቅብ) ይቀባ። ብዙ ቦታ የሚጠቀሙት ለበርና ለመስኮት የሚሆነውን ተራ አንቲረስት ነው። እሱ ለአጥር ይሁን፤ ላዩ ላይ ጠንካራ የመኪና ቀለም ሲያርፍበት ተኮማትሮ ይነሣል።

ሁለተኛ፣ አሁን መኪናዋ ላይ ያለው ቀለም ምን ዓይነት እንደሆነ ይታወቅ። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ክዳን ሥር፣ ቲነር የነካ ነጭ ጨርቅ ጫንበትና ቆይተህ አንሣው። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ናይትሮ (በቲነር የሚሟሟው ቶሎ ደራቂ ቀለም) ነው። ተሸብሽቦ ከተነሣ ሲንቴቲክ (ቀስ ብሎ የሚደርቀው የዘይት ቀለም) ነው። ሲንቴቲክ ላይ ናይትሮ ከረጨህ ሙሉ አካሉ ይሸበሸባል፤ ተፍቆ ከመውጣት በስተቀር መድኃኒት የለውም።

ሦስተኛ የአዳማ ነገር ነው። ከተማችን ዙሪያዋን ባሉት ኮረብታዎች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ነፋሱ ሲነሣ አቧራው የማይገባበት ቦታ የለም። ሜዳ ላይ፣ ወይም ሦስት ጎኑ ክፍት በሆነ መጠለያ ሥር የሚቀባ ሰው ቀለም ሳይሆን አሸዋ ነው የሚለጥፍልህ። የተዘጋ ቤት ይሁን፣ ወለሉ ውኃ ይረጭበት፣ ሥራው በማለዳ ይጀመር። ሙቀቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቶሎ የሚተን ቲነር ከተጠቀሙ ቀለሙ ላሜራው ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቅና የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፤ ለሞቃት አየር የሚሆነውን ቀስ ብሎ የሚተነውን ጠይቅ። በክረምት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ናይትሮ በእርጥበት አየር ሲረጭ ነጭ ጉም ይለብሳል።

የብርጭቆ ወረቀቱን ተራ ባለሙያው ያውቀዋል፤ አንተ ግን ለመቆጣጠር ያህል ያዝ። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል፦ ስቱኮ በ80 ይቀረጻል፣ በ180 ይለሰልሳል፣ ፕራይመሩ በ320፣ ቀለም ከመረጨቱ በፊት በ400 ወይም በ600 ከውኃ ጋር። ከ80 በቀጥታ ወደ ቀለም የሚሄድ ሰው ጭረቱን ከወራት በኋላ ቀለሙ ሲሰምጥ ነው የሚያሳይህ።

አንድ ነገር ለባለሙያዎቹም ለባለንብረቱም። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ባለ ሁለት ክፍል ቀለም አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለው። ሳንባ ላይ ዘላቂ አስም ሊያመጣ ይችላል። ለአቧራ የሚደረገው የጨርቅ ጭንብል ምንም አይከላከልም፤ ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚመጣበት ጭንብል ያስፈልጋል። በሙያችን ስንት ጎበዝ ሰው ትንፋሽ አጥሮት ሥራ እንዳቆመ ስለማውቅ ነው። ልጆችህን ይዘህ ቀለም ሲረጭ ለማየት እንዳትሄድ።

ሐዋሳዊት | ጥቅምት 7

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከሐዋሳ ነኝ፤ የመኪና ወንበር ልብስ፣ በርና ጣሪያ መስፋት ሥራዬ ነው። ዲኤክስ ዘአዳማ፣ እባክህ ውስጧን በመጨረሻ አሠራ። ብዙ ሰው ቶሎ ዓይን የሚገባው ወንበሩ ስለሆነ ከዚያ ይጀምራል፤ ከዚያ የብየዳ ብልጭታ አዲሱን ልብስ ይበሳዋል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ውኃው በየት ነው የገባው? የሾፌሩ ወለል የዛገው በጫማ እርጥበት ብቻ አይመስለኝም። እዚህ ሐዋሳ ዝናቡ ስለሚበዛ በየጊዜው የሚገጥመኝ ነገር ነው፦ አዲስ ሞኬት አንጥፌ የሰጠሁት ሰው ሸተተኝ ብሎ ይመለሳል። መግቢያው ሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የደረቀው የፊት መስታወት ጎማ ነው። ሁለተኛው ከመስታወቱ ሥር፣ ከኮፈኑ ጀርባ ያለው የአየር ማስገቢያ ነው፤ እዚያ የሚገባው ዝናብ ወደ ታች የሚፈስበት ቀዳዳ አለው፣ ቅጠል ሲደፍነው ውኃው ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ሦስተኛው በሩ ነው፤ ስለ በሩ ትንሽ ልቆይበት።

በር ውስጥ ውኃ መግባቱ ብልሽት አይደለም። የመስታወቱን ጎን ተከትሎ ሁልጊዜ ይገባል፤ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ከውስጥ ሽፋኑ ጀርባ ደግሞ ፕላስቲክ ተለጥፎ ውኃው ወደ መኪናው ውስጥ እንዳይመጣ ይከለክላል። ድምፅ ማጉያ የሚገጥሙ ልጆች ሽፋኑን ሲፈቱ ይህን ፕላስቲክ ቀደው ይጥሉታል። ከዚያ በኋላ የሽፋኑ ካርቶን ይረጥባል፣ ያብጣል፣ ሚስማሮቹን ይነቅላል፣ ውኃውም በደፉ ላይ አልፎ ሞኬት ሥር ይተኛል። እኔ ወፍራም ፕላስቲክ በልኩ ቆርጬ፣ የታችኛውን ጫፍ ወደ በሩ ውስጥ አስገብቼ፣ ዙሪያውን በማስቲሽ እለጥፈዋለሁ። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ ያለ እሱ ግን የምሰፋው ሁሉ ከንቱ ነው።

ወንበሩን በተመለከተ፦ ልብሱ ከመሰፋቱ በፊት የብረት አልጋውና ሞላው ይታይ። የተበጠሰ ሞላ ላይ አዲስ ስፖንጅ ቢደረግ በጥቂት ወራት ይቆረጣል። በስፖንጁና በሞላው መካከል ጠንካራ ጨርቅ፣ ጆንያም ቢሆን፣ ይግባ። ለአዳማ ሙቀት መቀመጫውና መደገፊያው መሐል ጨርቅ፣ ጎኖቹ ብቻ ሰው ሠራሽ ቆዳ ቢሆኑ እመርጣለሁ። ሙሉ በሙሉ ቆዳ መሰል ካደረግኸው ፀሐይ ላይ ቆማ ስትገባ ልጆችህ እግራቸው ይቃጠላል።

የጣሪያው ጨርቅ የተንጠለጠለው በቀጫጭን የሽቦ ቅስቶች ላይ ከሆነ ቅስቶቹ ሲወጡ ከፊት ወደ ኋላ ቁጥር ይጻፍባቸው፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ አንዱ የሌላውን ቦታ አይገጥምም። አዲሱ ሲገጠም መጀመሪያ መሐሉ ከፊትና ከኋላ ይወጠራል፣ ጎኖቹ ከዚያ ይከተላሉ። ይህን ሥራ በፀሐይ ሰዓት አሠራው፤ ሙቀት ጨርቁን ስለሚያለሰልሰው ሽብሽቡ ይጠፋል። እዚህ የእናንተ ፀሐይ ባለውለታ ናት።

ዳሽቦርዱን ግን በርካሽ ቀለም አታስቀባው። የተሰነጠቀው ዳር ዳሩ ተነሥቶ ከሆነ ይስተካከልና በተለጣጭ ነገር ተሞልቶ ሙሉው እንደገና ይለበስ። ላዩ የማያብረቀርቅ ይሁን፤ የሚያብረቀርቅ ዳሽቦርድ መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ ዓይን ይወጋል።

ዲኤክስ ዘአዳማ | ጥቅምት 7

እህቴ ሐዋሳዊት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሩን ነገ እከፍተዋለሁ። ጋሼ የላሜራ ሰው፣ እርስዎ እንዳሉት ከጎን አንሥቼ በሩን ሞከርኩት፤ አይጋጭም።

ዘይት ነጋዴ | ጥቅምት 8

ቀላሉን ልንገርህ። ከሥሯና በሮቹ ውስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በኮምፕሬሰር አስረጭ። ዝገት አይደርስባትም። ድሮ ሁሉም ሰው ያደርገው ነበር።

ቀለም ቀቢው | ጥቅምት 8

ያደርጉት ነበር፤ እኔ ግን አልመክርም። የተቃጠለ ዘይት ከሞተር የወጣ አሲድና ጥቀርሻ የተሸከመ ነው። የመስታወትና የበር ጎማዎችን ያሳብጣል፣ ከሥር እየተንጠባጠበ ግቢውን ያበላሻል፣ አቧራ ሲጣበቅበትም ሌላ እርጥበት ያዥ ጭቃ ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ወደፊት ብየዳ ወይም ቀለም ቢያስፈልግ ዘይት የጠጣ የላሜራ ስፌት አይጸዳም፤ ቀለም አይዝበትም፣ ብየዳ ሲነካውም እሳት ይይዛል። ደፉ ውስጥና በሮቹ ሥር ለዚህ ተብሎ የተሠራ ሰም ይረጭ። ከቀለም በኋላ፣ በደረቅ ቀን። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ግን እንዳይደፍን ከረጨህ በኋላ በሽቦ ክፈታቸው።

ዲኤክስ ዘአዳማ | ጥቅምት 13

የደረስኩበትን ላሳውቃችሁ። ሐዋሳዊት እንዳለችው መጀመሪያ ውኃውን ፈለግሁ። ባለቤቴ መኪናዋ ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዛ ተቀመጠች፤ እኔ በውኃ ጎማ ከታች ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ አጠጣሁ። በሮቹ ላይ ምንም አልታየም። የፊት መስታወቱ ጎማም ያዘ። ከኮፈኑ ጀርባ ያለው የአየር ማስገቢያ ላይ ስደርስ ግን ከውስጥ «እግሬ ላይ እየፈሰሰ ነው» አለችኝ።

የሾፌሩን በኩል ፓራፋንጎ ፈታሁት። ከጀርባው የወጣው ጭቃ ከመድረቁ የተነሣ የኪሱን ቅርጽ እንደያዘ በአንድ ላይ ወረደ። መሐሉ ላይ የግራር ቅጠልና የሣር ሥር አለበት፤ ደርቆ የሚታየው አፈር ሲሰበር ውስጡ ገና እርጥብ ነው። የአየር ማስገቢያው ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳ በዚሁ ጭቃ ተደፍኖ ነበር። ወለሉን የበሳውና ፓራፋንጎውን ያፈነዳው አንድ ነገር መሆኑን በዓይኔ አየሁ። ምሰሶው ላዩ ዝጓል እንጂ በካቻቢቴ ሲመታ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። ደፉም ከታች አንድ ክንድ ከማይሞላ ቦታ በስተቀር ደህና ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጋራዥ መርጫለሁ። ወለሉና ደፉ ይቆረጣል፣ የኋላው ቅስት ስቱኮው ተልጦ የሚገኘው ታይቶ ይሠራል። ገንዘቡ ለሁሉም ስለማይበቃ ቀለሙ ፕራይመር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጋሼ፣ ይህ ይሆናል?

የላሜራ ሰው | ጥቅምት 13

ባለቤትህን አመስግንልኝ። ቅደም ተከተሉን በትክክል ይዘኸዋል።

ኢፖክሲ ከሆነ ይቆያል፤ ፀሐይ እንዳያገኘው ብቻ ሸፍናት፣ ቀለም ከመረጨቱ በፊትም እንደገና ይፋቅ። ተራው ግራጫ ፕራይመር ከሆነ ግን እርጥበት ያሳልፋል፤ በእሱ ላይ ክረምት እንዳታሳልፍ። ሌላም ልጨምር። ፓራፋንጎው ሲመለስ ቡሎኖቹን አታጥብቅ፤ ኮፈኑና በሩ ተዘግተው ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን አይተህ ነው የምታስረው። ከቀለም በፊት አንዴ ገጥመህ ሞክረው። ከቀለም በኋላ በመዶሻ የሚስተካከል ነገር እንዳይኖር።

ሕግ አዋቂ | ጥቅምት 14

ስለ አረንጓዴው ቀለም ማንም ያነሣ የለም። የመኪናዋ ቀለም ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ቀይረህ በሊብሬው ካላስመዘገብክ ትራፊክ ሲያቆምህም ሆነ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ችግር ነው፤ ነገ ልትሸጣት ብትፈልግም ገዢ ይሸሻል። አስቀድመህ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሂድና የሚጠይቁትን አሟላ። ሌላው፣ በሞተር ክፍሉ ውስጥ የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበት ቦታ በግራይንደር እንዳይነካ፣ በስቱኮ እንዳይሸፈን፣ በወፍራም ቀለም እንዳይደበዝዝ ለጋራዡ በግልጽ ንገራቸው። በቴፕ ሸፍነው ይሥሩ። የተፋቀ ቁጥር ያለው መኪና ንጽሕናህን ለማስረዳት ብዙ ያንከራትትሃል።

ቀለም ቀቢው | ጥቅምት 14

እኔም ነጭ እንድትቀር ነው የምመክረው። ቀለም ሲቀየር የበሮቹ ውስጠኛ ጠርዝ፣ የሞተር ክፍሉ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ሁሉ መቀባት አለበት፤ ካልሆነ በር በተከፈተ ቁጥር ነጩ ይታያል። ያ ሌላ ትልቅ ወጪ ነው። ጥቁር አረንጓዴ ደግሞ የአዳማን ፀሐይ ይስባል፤ አዲሱን ዳሽቦርድህን ደግሞ ይሰነጥቀዋል። ነጩን ለማመሳሰል የነዳጅ መሙያውን ክዳን ፈትተህ ወደ ቀለም ቀማሚው ውሰድ፤ ከውስጥ በኩል ፀሐይ ያልነካውን ቀለም እዚያ ታገኘዋለህ። ሙሉ አካሉ የማይቀባ ከሆነ ግን ከውጭ ባለው፣ ፀሐይ በለወጠው በኩል ያመሳስሉት።

ሽቦ ዘርጊ | ጥቅምት 15

ስለ ቸርኬና ሬዲዮ ላቅርብ።

የዲኤክስ ቸርኬ በአራት ቡሎን ነው፤ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። የቪትዝና የአዳዲሶቹ ትናንሽ ኮሮላዎች 100 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ በብዛት ያለው ቸርኬ አይገጥምም። ቀዳዳ አስፍተው ወይም ቀጭን ሮንዴላ ጨምረው የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ በፈጣን መንገዱ ላይ ጎማ እንዲያመልጥህ ካልፈለግህ አትስማቸው። ልኩን ካገኘህ ባለ 14 ኢንች ቸርኬ ከ185/60 ጎማ ጋር ግጠም፤ ቁመቱ ከቀድሞው ባለ 13 ከ155 ጎማ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የፍጥነት መለኪያው አይሳሳትም፣ ቅስቱንም አይፈጭም። ከዚያ በላይ ከሄድህ አዲስ ያስበየድከውን ቅስት ጎማው ሲፈጨው ታያለህ።

ለሬዲዮው ዳሽቦርዱን አታስቆርጥ። ቀድሞ በነበረበት ቦታ የሚገባ ጠባብ ሬዲዮ አለ። ሽቦው ከባትሪው በቅርብ ርቀት የራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ በላሜራ ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ ጎሚኒ (ላሜራው ሽቦውን እንዳይቆርጥ የሚከላከል ጎማ) ይግባበት። ያረጀ መኪና ውስጥ እሳት ከሚያስነሡ ነገሮች አንዱ ያለ ጎሚኒ ያለፈ ሽቦ ነው። ሽቦው ሁሉ ሞኬት ሳይነጠፍና የጣሪያው ጨርቅ ሳይወጠር ይዘርጋ። የሐዋሳዋ እህታችን ከጨረሰች በኋላ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራዋን ነው የሚያበላሽባት።

ዲኤክስ ዘአዳማ | ኅዳር 2

ወለሉና ደፉ አልቋል። ጫፍ ለጫፍ ነው የተገጠመው፤ ከሥር ገብቼ አይቼዋለሁ፣ ስፌቱም በማሸጊያ ተሞልቶ ኢፖክሲ ተቀብቷል። የኋላው ቅስት ስቱኮው ሲላጥ ከሥሩ የቆርቆሮ ቁራጭ በሪቬት ተመትቶ ተገኘ፤ እሱም ወጥቶ በላሜራ ተተክቷል። ነጭ ትቀራለች፤ ቸርኬውም የቀድሞው ይቆያል፤ ሬዲዮው በጠባቡ ይሆናል። አሁን የበር ዙሪያ ጎማዎችን መግዛት አለብኝ። ሱቅ ውስጥ የሚያሳዩኝ ሁሉ «ለዲኤክስ ነው» ይላሉ፤ ውፍረታቸው ግን ይለያያል። ሐዋሳዊት፣ በምን ልለይ?

ሐዋሳዊት | ኅዳር 2

በሱቁ ስም አትመን። ካሮጌው ጎማ ከማጠፊያው በኩል ብዙ ያልተጨፈለቀውን አንድ ስንዝር ቆርጠህ ይዘህ ሂድና የሚይዘውን ጎድጓዳ ክፍልና የሚታመቀውን ክብ ክፍል ለየብቻ አመሳክር። የሚይዘው ጠባብ ከሆነ በየጊዜው ይወልቃል። ክቡ ከወፈረ በሩ በኃይል ካልተገፋ አይዘጋም፤ ቁልፉንም ያላላዋል። ከመግዛትህ በፊት በጣትህ ጨመቅ አድርገው፤ ወዲያው ካልተመለሰ ከርሞ የቆየ ጎማ ነው። ቤት ስትደርስ ከበሩ ላይኛው ጥግ ሳይሆን ከታች መሐል ጀምረህ ግጠመው፤ መገጣጠሚያው ታች ሲሆን ዝናብ አያገኘውም። ሳትጎትት ግጠም፤ ተለጥጦ የገባ ጎማ ሲቀዘቅዝ ይሸሽና ጥጉ ላይ ክፍተት ይፈጥራል። ከዚያ በሩ ላይ የብር ኖት አድርገህ ዝጋና ሳበው፤ ዙሪያውን ሁሉ እኩል ከያዘ ጨርሰሃል፣ የላላበት ቦታ ካለ የበሩን ማጠፊያ ቡሎን ነው የምታስተካክለው። ወንበሮቹን ደግሞ ፈትተህ ብትልክልኝ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ እጄ ይፈታል።